የዕብራይስጥ ፊደልን ወደ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ማስገባት፦ ከርዕስ ገጹ እስከ መደርደሪያው

ዳዊት የደገመ ሰው የዕብራይስጥ ፊደላትን ስም ያውቃል። መዝሙር 118 በ22 ክፍል የተከፈለ ነው። በየክፍሉ አናት አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ይወርዳል። እነዚህ የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች ናቸው። አቡጊዳ የቆጠረ ልጅ ደግሞ ቅደም ተከተላቸውን ጭምር ይዞታል። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ብሎ የሚነሳው ተራ ከዕብራይስጡ ተራ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ አማርኛ አንባቢ የሆነ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ዕብራይስጥ መጽሐፍ ሲመጣለት ከዜሮ አይነሳም። እኔ ካታሎግ ስሠራ መጀመሪያ የረዳኝ ይህ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በተለይ አማርኛና ዕብራይስጥ ጎን ለጎን ለሚደረደርባቸው አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ነው። እስራኤል ውስጥ ባሉ የማኅበረሰብ ማዕከላት እንዲህ ያለ ስብስብ አለ። አዲስ አበባም በስጦታ የመጡ የዕብራይስጥ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ የቀሩበት ቤት ሊኖር ይችላል። ምሳሌዎቼን የምወስደው ኮሃ ከሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌርና የካታሎግ መዝገብ በኮምፒውተር ከሚጻፍበት የማርክ 21 አጻጻፍ ነው። ኮሃ ነጻ ነው፤ አገራችን ውስጥም የሚያውቁት ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ በአእምሯችሁ ያዙ። አንባቢው መጽሐፉ ላይ ያየውን ፊደል በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ጽፎ መጽሐፉን ማግኘት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ለዚህ ነው።

የምደባ ቁጥሩን አትንኩት

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። «ለዕብራይስጥ መጻሕፍት ስንት ቁጥር እንስጥ?» ብሎ ይጠይቃል። መጻሕፍትን በቁጥር የሚመድበው የዲዊ ሥርዓት ግን የሚጠይቀው መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ነው፤ በምን ፊደል እንደተጻፈ አይጠይቅም። በዕብራይስጥ የተጻፈ የሒሳብ መጽሐፍ 510 ውስጥ ይገባል። የምግብ አሠራር መጽሐፍ 641.5 ነው። 492.4 የዕብራይስጥ ቋንቋ ራሱ ነው፤ ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላት፣ መማሪያ። ግዕዝና አማርኛ ያሉበት 492.8 ጎረቤቱ ነው። 892.4 በዕብራይስጥ የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ ነው። ከሩሲያኛ ወደ ዕብራይስጥ የተተረጎመ ልብ ወለድ ግን እዚያ አይገባም፤ ከሩሲያኛው ሥነ ጽሑፍ ጋር ይቀመጣል።

ዕብራይስጥ የሆነውን ሁሉ ጠራርጎ 492.4 ላይ የከመረ መደርደሪያ አይቻለሁ። የሕፃናት ተረት፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የመኪና ጥገና፣ ሁሉም አንድ ላይ ነበር። የኮምፒውተር መጽሐፍ ፈልጎ የመጣ ወጣት እዚያ አይደርስም።

ስብስባችሁ በብዛት የአይሁድ ሃይማኖት መጻሕፍት ከሆነ ግን ሌላ ችግር አለ። ዲዊ ለአይሁድ እምነት የሰጠው አንድ ቁጥር ነው፤ 296። ታልሙዱም፣ በዓላቱም፣ ጸሎቱም፣ ካባላውም ከነጥቡ በኋላ ባሉት አኃዞች ይጨናነቃሉ። ይህን ያዩ ሰዎች ሁለት መንገድ ቀድደዋል። በኢየሩሳሌሙ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሠራው ጌርሾም ሾሌም ዲዊን ሳይጥል የአይሁድ ጥናት ክፍሉን አስፋፋው። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ1927 ታተመ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዴቪድና ዳንኤል ኤላዛር እ.ኤ.አ. በ1968 ራሱን የቻለ ምደባ አወጡ። በእነሱ ሥርዓት ከ001 እስከ 099 መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ 800ዎቹ እስራኤልና ጽዮናዊነት ናቸው። ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት የእኔ ምክር በዲዊ መቆየት ነው። ሌላ ምደባ ከያዛችሁ በሌላ ቤት የተሠራ መዝገብ ስታመጡ ቁጥሩን ሁልጊዜ በእጅ መቀየር ይኖርባችኋል።

ቁጥሩ ካልተለወጠ የሚለወጠው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ነው። አንደኛ የካታሎጉ መዝገብ፣ ሁለተኛ ከቁጥሩ ሥር የሚጻፈው የደራሲ ምልክት፣ ሦስተኛ ፍለጋው።

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ገጽ ውሳኔ ጻፉ

ዋናው ውሳኔ ይህ ነው። ማርክ 21 ከአንድ በላይ ፊደል ያለበትን መዝገብ በሁለት ሞዴል እንድትጽፉ ይፈቅዳል።

ሞዴል ኤ ጥንድ ነው። ርዕሱ ድምፁን ይዞ በላቲን ፊደል ተገልብጦ ለርዕስ በተመደበው መስክ (ፊልድ) በ245 ይጻፋል። ትክክለኛው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ደግሞ 880 በሚባል ፊልድ ውስጥ ይገባና ከ245 ጋር ይታሰራል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚሄደው በዚህ ነው።

ሞዴል ቢ ቀላል ነው። ዕብራይስጡ በቀጥታ 245 ላይ ይጻፋል። ጥንድ የለም፣ ላቲን የለም። የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዕብራይስጥ መጻሕፍቱን የሚመዘግበው በራሱ ፊደል ነው።

የትኛው ይሻላል? ሠራተኞቻችሁም አንባቢዎቻችሁም ዕብራይስጥ የሚያነቡ ከሆነ ሞዴል ቢ ይበቃል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ስህተትም ይቀንሳል። ዕብራይስጥ የማያነብ ሠራተኛ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ማውጣትና መመለስ ካለበት ግን ሞዴል ኤ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላለ ቤት ሞዴል ኤን፣ እስራኤል ውስጥ ላለ ቤት ሞዴል ቢን እመርጣለሁ። ሁለቱን ቀላቅሎ መሄድ ግን በኋላ ያስለቅሳል። ግማሹ ርዕስ 245 ላይ፣ ግማሹ 880 ላይ ከሆነ የፊደል ተራ ዝርዝር ማውጣት አይቻልም።

ላቲኑን የምትጽፉ ከሆነ በጆሯችሁ አትመኑ። የዕብራይስጥ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ አናባቢ የለውም። ያልተጻፈውን አናባቢ የሚሞላው ካታሎገሩ ነው። በዓለም ላይ የተለመደው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጋራ ሠንጠረዥ ነው። አናባቢው ሲያጠራጥር የኤቨን ሾሻንን መዝገበ ቃላት እንድትከተሉ ያዛል። ቃሉን ፈልጉ፣ ነጥቦቹን እዩ፣ ከዚያ ገልብጡ።

ሌላው ከወረቀቱ ላይ መስፈር ያለበት ነገር፦ ፊደል ማለት ቋንቋ ማለት አይደለም። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ቀላል ነው። የግዕዝ ፊደል ግዕዝም፣ አማርኛም፣ ትግርኛም ይጻፍበታል። በዕብራይስጥ ፊደልም ዪዲሽ፣ ላዲኖና አራማይክ ይጻፋሉ። የታልሙድ ትልቁ ክፍል አራማይክ ነው። ዪዲሽ የራሱ የአገለባበጥ ሠንጠረዥ አለው። የቋንቋ ኮዱን ከማስገባታችሁ በፊት ቋንቋውን አጣሩ።

ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት

ይህ ክፍል ዛሬ ቀላል ሆኗል። ዕብራይስጥ ወደ ትልልቅ የካታሎግ ሥርዓቶች ቀድመው ከገቡት ፊደላት አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አርሊን በሚባለው የጋራ ካታሎግ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በዕብራይስጥ መጻፍ ይቻል ነበር። የእኛ ፊደል የዓለምን ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚያስተናግደው ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በአሮጌው የማርክ ፊደል ስብስብ ውስጥም ቦታ አልነበረውም።

መዝገቡ በዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ። ሊደር በሚባለው የማርክ መዝገብ መነሻ መስመር 09ኛው ቦታ ላይ ትንሿ የላቲን ኤ መኖር አለባት። ዳታቤዙ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ላይ ይሁን። የዕብራይስጥ ኪቦርድ ጫኑ። አዲስ ፎንት መግዛት አያስፈልግም።

አንድ ፈተና ግን እንዳታልፉ። የዕብራይስጥ ጽሑፍ በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው በሚነበብበት ተራ ነው። መጀመሪያ የሚነበበው ፊደል መጀመሪያ ይቀመጣል። ከቀኝ ወደ ግራ እንዲታይ የሚያደርገው ማሳያው ነው። ከቆዩ ሥርዓቶች የመጡ ፋይሎች ግን አንዳንዴ ለዓይን እንዲመች ተገልብጠው የተቀመጡ ናቸው። ለመለየት ጠቋሚውን ከርዕሱ መነሻ ላይ አድርጉና አንድ ፊደል ብቻ ሰርዙ። የጠፋው የመጀመሪያው ፊደል ከሆነ ደህና ነው። የመጨረሻው ከጠፋ ፋይሉ የተገለበጠ ነው፤ ከመጫኑ በፊት በፕሮግራም መስተካከል አለበት።

የተመን ሉህ ላይ ዕብራይስጥ ሲታይ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ነጥቡና ቅንፉ ያለቦታቸው ይታያሉ። በዚህ ተታልዬ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ርዕሶችን «አስተካክዬ» አበላሽቻለሁ። የተዛባው ማሳያው ነበር፤ ጽሑፉ ደህና ነበር። ማሳያ ሲያጠራጥራችሁ ጽሑፉን ወደ ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ቅዱና እዩት። ዳታውን አትንኩ።

መዝገቡን መጻፍ

መጽሐፉን አንሱ። የዕብራይስጥ መጽሐፍ የሚከፈተው ከቀኝ ነው። ለእኛ የኋላ ሽፋን የሚመስለን የፊቱ ነው። በእስራኤል የሚታተሙ ብዙ መጻሕፍት በሌላኛው ጫፍ የእንግሊዝኛ ርዕስ ገጽ አላቸው። ልማድ ይዞን እሱን እንደ ዋና እናየዋለን። ዋናው የዕብራይስጡ ነው። የእንግሊዝኛውን ርዕስ አትጣሉት፤ ለተጨማሪ ርዕስ በተመደበው 246 ጻፉት፤ ሁለተኛው አመልካች (ከፊልዱ ቁጥር ቀጥለው ከሚገቡት ሁለት አኃዞች ሁለተኛው) 5 ይሁን። ዕብራይስጥ የማያነብ አንባቢ በዚህ ያገኘዋል።

በእጅ ከመጻፋችሁ በፊት መዝገቡ ሌላ ቦታ ተሠርቶ እንደሆነ ፈልጉ። የእስራኤል አይኤስቢኤን 978 ብሎ ቀጥሎ 965 ይላል። በቁጥሩ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጉ፤ ኮሃ ዜድ 39.50 በሚባለው መዝገብ የመቅጃ መንገድ በኩል በቀጥታ ያመጣላችኋል። ፊደሉን ገና እየለመዳችሁ ከሆነ መቅዳት ከመጻፍ ይሻላል። ዳሌጥና ሬሽ፣ ሄና ሔት፣ ቤትና ካፍ፣ ዋውና ዛይን በጣም ይመሳሰላሉ። በቃል መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሜም ከሳሜክ ጋር ይምታታል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ መጽሐፉ ከፍለጋ ይጠፋል።

በሞዴል ኤ የምትሠሩ ከሆነ አሠራሩ እንዲህ ነው። በኮሃ የመዝገብ ቅጽ (ፍሬምወርክ) ውስጥ 880 ተደብቆ ከሆነ እንዲታይ አድርጉ። 245 ላይ ንዑስ ፊልድ 6ን ከፍታችሁ 880-01 ጻፉ። ከዚያ ላቲኑን ርዕስ ጻፉ። አሁን 880ን ክፈቱ። በእሱም ንዑስ ፊልድ 6 ላይ 245-01 ጻፉ፤ ቀጥሎ እዝባር፣ ቅንፍ ከፋችና 2፣ እንደገና እዝባር፣ በመጨረሻ ትንሿን የላቲን አር። ቅንፏና 2 «ይህ ዕብራይስጥ ነው» ማለት ናቸው። አር ደግሞ «ከቀኝ ወደ ግራ» ማለት ናት። እሷን ከረሳችሁ ጽሑፉ ገጹ ላይ በተሳሳተ አቅጣጫ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ የዕብራይስጡን ርዕስ ጻፉ። ንዑስ ፊልዶቹ ከ245 ጋር አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ቀጣዩ ጥንድ 02፣ ከዚያ 03 ይሆናል። ደራሲው፣ አሳታሚው፣ ተከታታዩ እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ ሁለቱም ጋ አንድ መሆን አለበት። ጥንድ የሌለው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ካለ 00 ይሰጠዋል። ሁሉንም ማጣመር ግዴታ አይደለም። ደራሲ፣ ርዕስ፣ አሳታሚና ተከታታይ ከተጣመሩ ይበቃል። የገጽ ብዛት ላይ ጊዜ አታባክኑ።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር። በዕብራይስጥ «ሃ» የምትለው መስተአምር (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለችው) ከቃሉ ጋር ተጣብቃ ነው የምትጻፈው፤ ፊደሏ ሄ ናት። በተራ ዝርዝር ላይ መዘለል አለባት፤ አለበለዚያ ግማሹ ካታሎግ ሄ ሥር ይከማቻል። የ245 ሁለተኛ አመልካች ስንት ፊደል እንደሚዘለል ይናገራል። በላቲኑ መስመር ሃ በሁለት ፊደልና በአንድ ሰረዝ ስለምትጻፍ 3 ይሆናል። በዕብራይስጡ 880 ላይ ግን 1 ነው። ብዙ ሰው 3ን ይቀዳና ርዕሱ በአራተኛ ፊደሉ ይደረደራል። ቃሉ ራሱ በሄ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ 0 ነው። የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ስለሆነ ካጠራጠራችሁ ጠይቁ።

ዓመቱ

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ለእኛ አዲስ አይደለም። ብዙ የዕብራይስጥ መጻሕፍት የኅትመት ዓመታቸውን በፊደል ነው የሚጽፉት። እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው። ከአሌፍ እስከ ጤት ከ1 እስከ 9 ነው። ከዮድ ጀምሮ በአሥር፣ ከቆፍ ጀምሮ በመቶ ይሄዳል። ቆፍ 100፣ ሬሽ 200፣ ሺን 300፣ ታው 400።

ርዕስ ገጹ ላይ ታው፣ ሺን፣ ፌ፣ ዳሌጥ አያችሁ እንበል። 400፣ 300፣ 80፣ 4፤ ድምሩ 784። አምስቱ ሺህ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ 5784 ነው። ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 784 ላይ 1240 ደምሩ፤ 2024 ይሆናል። ግን ዓመቱ የሚብተው በመስከረም ወይም በጥቅምት ስለሆነ መጽሐፉ በ2023 መጨረሻም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በላቲኑ መስመር 784 ብላችሁ በማዕዘን ቅንፍ «2023 ወይም 2024» የሚለውን ታስገባላችሁ። በ880ው መስመር ፊደሎቹ እንዳሉ ይጻፋሉ። 008 ፊልድ ውስጥ ሁለቱንም ዓመት በአኃዝ አስገቡ፤ በዓመት ማጣራት የሚሠራው በእሱ ነው።

የእኛ ዓመትም የሚብተው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀየሩ የበለጠ ይቀላል። 3768 ቀንሱ። 5784 ሲቀነስ 3768፣ 2016 ይመጣል። የእስራኤል መንግሥት የታወጀበት 5708 በዚሁ ስሌት 1940 ነው፤ ወሩም ግንቦት ነበር። ከመስከረም መባቻ አካባቢ ካሉት ጥቂት ቀናትና ሳምንታት በቀር ይገጥማል።

15 እና 16 ልዩ ናቸው። ዮድና ሄ ወይም ዮድና ዋው አይጻፉም፤ የፈጣሪን ስም ስለሚነኩ። በምትካቸው ጤትና ዋው፣ ጤትና ዛይን ይጻፋሉ። ብትደምሩት ያው 15 እና 16 ነው።

የሰው ስም

ይህ ክፍል ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ በላይ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ስማቸው በዕብራይስጥ የተጻፈው ብዙ ጊዜ መዝጋቢው በሰማው መጠን ነው። ብዙዎች አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። የአያት ወይም የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል። ስለዚህ አንድ ደራሲ በአማርኛ መጽሐፉ ላይ በአንድ ስም፣ በዕብራይስጥ መጽሐፉ ላይ በሌላ ስም ሊታይ ይችላል። የዕብራይስጡም አጻጻፍ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። «ጠ» በጤት፣ «ቀ» በቆፍ ይጻፋሉ። «ቸ» ጻዴ ላይ፣ «ጀ» ጋሜል ላይ ጌሬሽ የሚባል ጭረት ተጨምሮ ይጻፋሉ፤ አንዳንዱ ግን ጭረቱን ይተወዋል።

መፍትሔው የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ነው። ለደራሲው አንድ መዝገብ ክፈቱ። አንዱን ስም ዋና አድርጉ። ሌሎቹን ሁሉ፣ የአማርኛውን፣ የዕብራይስጡን፣ የላቲኑን፣ በ400 ፊልድ ጨምሩ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ላቲን ያልሆኑ ስሞችን በዚህ መንገድ ያስገባሉ። ቫያፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የስም ማውጫም የአንድን ሰው ስም በተለያየ ፊደል አንድ ላይ ያሳያችኋል።

ኢትዮጵያዊ ስም ሲሆን የአባትን ስም አስቀድማችሁ አትገልብጡ፤ በሰውየው በራሱ ስም ይጀምር። ሰውዬው በእስራኤል የቤተሰብ ስም ይዞ የሚጽፍ ከሆነ ግን በመረጠው መንገድ ጻፉት። በሕይወት ካለና ማግኘት ከቻላችሁ ራሱን ጠይቁት። ስሙ ያው የእሱ ነው።

ፍለጋው

መዝገቡ አምሮ ተጽፎ ፍለጋው ካልሠራ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ኮሃ ላይ ዜብራ የሚባለውን የፍለጋ ሞተር የምትጠቀሙ ከሆነ የዩኒኮድ ፊደላትን ለይቶ የሚያነበውን፣ አይሲዩ የሚባለውን አሠራር አስከፍቱ። ኢላስቲክሰርች ከሆነም የአይሲዩ ማጣሪያው መኖሩን አረጋግጡ። ቀጥሎ 880 በርዕስና በደራሲ ፍለጋ ውስጥ እየተነበበ መሆኑን ተመልከቱ። ካልሆነ ጨምሩትና የፍለጋ ማውጫውን (ኢንዴክሱን) በሙሉ እንደገና አሠሩ።

ከዚያ እነዚህን አራት ነገሮች በየተራ ፈትኑ።

መጀመሪያ ነጥቦቹ። የጸሎት፣ የግጥምና የሕፃናት መጻሕፍት አናባቢ ነጥብ አላቸው። አንባቢው ግን ያለ ነጥብ ነው የሚጽፈው። ማውጫው ነጥቦቹን እንዲጥል አድርጉ።

ሁለተኛ የመጨረሻ ፊደላት። ካፍ፣ ሜም፣ ኖን፣ ፌና ጻዴ በቃል መጨረሻ ላይ መልካቸው ይለወጣል፤ በኮምፒውተርም የተለያየ ኮድ አላቸው። ማውጫው እንደ አንድ ይቁጠራቸው።

ሦስተኛ ጌርሻይም፤ ብዙ የሚያስቸግረው ይህ ነው። በዕብራይስጥ ምህጻረ ቃልና ዓመት ሲጻፍ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ሁለት ጭረት ይደረጋል። አንባቢው ኪቦርዱ ላይ ያለውን የጥቅስ ምልክት ይጫናል። ሶፍትዌሩ ደግሞ «ይህን ሐረግ በትክክል ፈልግ» የተባለ ይመስለዋል። ውጤቱ ባዶ ገጽ ነው። በሁለት የዕብራይስጥ ፊደላት መካከል ያለ የጥቅስ ምልክት ከፍለጋው በፊት እንዲወገድ ባለሙያችሁን ጠይቁ፤ ማውጫውም እንዲሁ ያስወግደው።

አራተኛ የአጻጻፍ ልዩነት። ዕብራይስጥ አንዳንድ አናባቢዎችን በዋውና በዮድ ማሳየትም መተውም ይችላል። ፕሮግራም ማለት የሆነው «ቶክኒት» ያለ ዋውም ከዋው ጋርም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የዕብራይስጥ ቋንቋ አካዳሚ ደንቡን እ.ኤ.አ. በ2017 አሻሽሎ ዋው እንዲጨመርበት አድርጓል። የቆየ መጽሐፍ ግን በቆየው አጻጻፍ ይቀራል። ርዕሱን መጽሐፉ ላይ እንዳለ ጻፉ፤ አዲሱን አጻጻፍ በ246 ጨምሩ። በኮምፒውተር ደንብ ለመፍታት አትሞክሩ።

አማርኛ ላይ የለመድነውን ወደ ዕብራይስጥ አትውሰዱ። እኛ ሀና ሐን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን ፍለጋ ላይ አንድ ብናደርግ ተገቢ ነው፤ ጸሐፊው ያለያያቸዋልና። በዕብራይስጥ አሌፍና ዐይን ለብዙ ሰው ጆሮ አንድ ቢሆኑም አጻጻፋቸው የጸና ነው። ብታዋህዷቸው ያልተፈለገ ውጤት ይጎርፋል።

ማሳያው ላይ የርዕሱ መጨረሻ ነጥብ ወይም እዝባር ወደ ተሳሳተው ጫፍ ቢዘል የማይታዩ የአቅጣጫ ምልክቶችን መዝገቡ ውስጥ አትሰግስጉ። ለዓይን ያስተካክላሉ፤ ፍለጋን ግን ሊያበላሹ ይችላሉ። መስተካከል ያለበት የገጹ ንድፍ ነው። አቅጣጫውን ከጽሑፉ መነሻ ፊደል እንዲወስድ አድርጉት።

መደርደሪያው

የመጨረሻው ውሳኔ የደራሲ ምልክት ነው። የዕብራይስጥ ደራሲዎቹን አግኖንንና ኦዝን ውሰዱ። በላቲን አንዱ በኤ፣ አንዱ በኦ ይጀምራል፤ መደርደሪያው ላይ ይራራቃሉ። በዕብራይስጥ ሁለቱም ስም በዐይን ነው የሚጀምረው፤ ጎረቤት ናቸው። ዕብራይስጥ አንባቢ በላቲን ተራ የተደረደረ መደርደሪያ ፊት ሲቆም የሚጠፋው ለዚህ ነው።

የዕብራይስጥ መጻሕፍታችሁ አንድ ሁለት መደርደሪያ ብቻ ከሆኑ በላቲን ሦስት ፊደል ጨርሱት። ከዚያ በላይ ከሆኑ ለብቻቸው አውጧቸውና የደራሲውን ስም የመጀመሪያ ሦስት የዕብራይስጥ ፊደላት ተጠቀሙ። ኮሄን ካፍ፣ ሄ፣ ኖን ይሆናል። የመጨረሻዋ ኖን መልኳን ለውጣ ብትጻፍም ተራዋ ያው የኖን ነው። ሠራተኛው እንዲለምድ የ22ቱን ፊደላት ተራ ከአበገደ ጋር አጣምራችሁ መደርደሪያው ጎን ለጥፉ። አሌፍ አጠገብ አ፣ ቤት አጠገብ በ። በእኔ ልምድ አቡጊዳ የሚያውቅ ሠራተኛ በጥቂት ቀን ያለ ወረቀቱ መደርደር ይጀምራል።

የጀርባ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩንና የዕብራይስጥ ፊደሉን በአንድ መስመር አትጻፉ። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ስለሚሄድ ማተሚያው ያደበላልቃቸዋል። ቁጥሩ ከላይ፣ ፊደሉ ከታች፣ ዓመቱ ሦስተኛ መስመር ላይ ይሁን። ባርኮዱን በዕብራይስጡ የፊት ሽፋን ላይ ለጥፉ፤ የመመለሻ ቀን ወረቀቱንም በዚያው በኩል።

የቆዩ መዝገቦችን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። መጀመሪያ ሃያ መጻሕፍት ውሰዱ፤ ነጥብ ያለው፣ ዓመቱ በፊደል የተጻፈ፣ በሄ የሚጀምር፣ አንድ ዪዲሽ፣ አንድ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ሥራ ይኑርባቸው። እነሱን ሠርታችሁ ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ጥሩ። መጽሐፉን እጁ ላይ ስጡትና ካታሎጉ ውስጥ ራሱ ይፈልገው። እሱ ያላገኘውን መዝገብ ቁጥር ጻፉ። የሚቀጥሉትን መቶ መጻሕፍት ከመጀመራችሁ በፊት እነዚያን አርሙ።